ኮቾች፣ የልጆቹን እድሜ አትንኩ

የሰፈር የእግር ኳስ ፕሮጀክት የምታሰለጥኑ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ ደሞ ከ15 እና ከ17 ዓመት በታች ቡድን የያዛችሁ፣ ዛሬ የምናገረው ለናንተ ነው፣ ቅር የሚለው ካለም ቅር ይበለው። የልጅ እድሜ መቀነስ ተዉ! ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፣ ጢም ያወጣ ጎረምሳ "ከ15 በታች" ተብሎ ሜዳ ሲገባ ዳኛውም ያያል፣ ወላጅም ያያል፣ ተመልካቹ ስቆ ያልፋል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። እኔ ግን ምኑ እንደሚያስቅ አይገባኝም።

እውነተኛው የ14 ዓመት ልጅ እኮ ቤንች ላይ ነው ያለው። ኳስ ይችላል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ሰው ያገኛል፣ ግን የ18 ዓመት ልጅ በትከሻ ሲገፋው ይወድቃል፣ እናንተም "ጉልበት የለውም" ትሉና ትረሱታላችሁ። ሰውነቱ የሚጠነክርበት ጊዜ ሳይደርስ ተስፋ ቆርጦ ታኬታውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶ ይቀራል። ከዛ ብሄራዊ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ፌዴሬሽኑን ስንሳደብ እናመሻለን፣ ልጁን ያባረርነው ግን እኛው ነን።

እድሜው የተቀነሰለትም ቢሆን አልተጠቀመም። ዛሬ በጉልበት ስለሚያልፍ ብቻ ጎል ያገባል፣ ኳስ መቀበል፣ ቦታ መያዝ፣ ማሰብ የሚባለውን ነገር ሳይማር ዓመቱ ይሄዳል፣ እና ትልቅ ክለብ ሄዶ እኩዮቹን ሲያገኝ የሚበልጣቸው ነገር የለም። በዛ ላይ ፓስፖርቱ ላይ የሱ ያልሆነ የልደት ቀን ተጽፎ እድሜ ልኩን ያንን ውሸት እየጠበቀ ይኖራል፣ ይሄን ደሞ ገና በልጅነቱ እምቢ ማለት በማይችልበት ሰዓት ነው የጫናችሁበት።

"ማን ያውቃል" የምትሉ አላችሁ። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009ኙ የናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው በኤምአርአይ ማሽን ማየት ጀምሯል፣ እዛ ጋ ያለው አጥንት የሚያድግበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ከ17 አልፏል ተብሎ ነው የሚወሰደው። የልደት ካርድ ይቀየራል፣ አጥንት ግን አይቀየርም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ካሜሩን ከ17 ዓመት በታች ቡድኗን ስታስመረምር ከ30 ልጆች 21ዱ ወደቁ፣ ዜናው ዓለምን አዳረሰ፣ ከቡድኑ ተባረው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤት የሄዱት ግን ልጆቹ ናቸው።

ችግራችሁን አላጣሁትም። ብዙዎቻችሁ ደሞዝ የላችሁም፣ ኳስና ማልያ ከኪሳችሁ ነው የምትገዙት፣ ጠዋት በብርድ ልጅ ሰብስባችሁ ታሰራላችሁ፣ ዋንጫ ካልመጣ ደሞ ዞር ብሎ የሚያያችሁ የለም። ለዚህ ልፋታችሁ ክብር አለኝ፣ የምቆጣውም ለዛ ነው። ግን በቆጂ የስፖርት አስተማሪ የነበሩትን አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን አስቡ፣ እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳን፣ እነ ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሰለጠኑ ሰው ናቸው። በልጆች ውድድር ስንት ዋንጫ እንደሰበሰቡ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አለ? ስማቸውን ያወቅነው ልጆቹ አድገው የት እንደደረሱ ስላየን ነው።

ስድቡንና ኩርኩሙንም ተዉት፣ ልጅ በእናቱ ፊት "ደነዝ" ተብሎ ከሜዳ ሲወጣ እያየን ዝም ማለታችን ለኛም ነውር ነው።

እናቶችና አባቶችም አላችሁበት። ኮቹ "ካርዱን ትንሽ እናስተካክለው፣ ልጁ ውጭ የመሄድ እድል አለው" ሲላችሁ እሺ አትበሉ፣ ልጁን የወለዳችሁበትን ቀን እናንተ ታውቁታላችሁ። ለሌላው ልጅ ሲደረግ ካያችሁም ተናገሩ፣ ጎረቤት ይቀየመኛል አትበሉ።

ቀጣዩ ምዝገባ ሲመጣ ሁሉንም ልጅ በእውነተኛ እድሜው አስገቡ፣ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፋችሁ ብትወጡም ውጡ፣ ያንን ቤንች ላይ የረሳችሁትን የ14 ዓመት ልጅ ደሞ አስነሱና ሙሉ ጨዋታ አጫውቱት።