ሽንት ቤት ጀርባ ትከለው አሉኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

የሬዲዮ አንቴናዬን ነው። አምስት ሜትር አሉሚኒየም ነው። በቃ። የማወራበት የ14 ሜጋኸርዝ ሞገድ፣ የርዝመቱ ሩብ ከዚህ ብዙም አያልፍ። ቀጥ ብሎ ይቆማል። አይበላም፣ አይጠጣም፣ ውሃ አያባክንም። ውሃ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው እህቴ ሁለት ሌሊት ብታድር የውሃ ተጨመረብኝ። በፈረቃ ለሚመጣ ውሃ! እሱን ሌላ ቀን።

መጀመሪያ ያሰብኩት ጣሪያ ላይ ነበር። ለቆመ አንቴና የቆርቆሮ ጣሪያ ሲሳይ ነው፤ ሌላ ሽቦ ሳትዘረጋ አንቴናው ከሥሩ የሚፈልገውን ብረት ራሱ ይሆንልሃል። «ያፈሳል» አሉ አከራዬ፣ እትዬ። ምስማር አልመታም፣ ጠርዙ ላይ ነው የማስረው አልኩ። «ያፈሳል።» ቤቱ እኮ አሁንም ያፈሳል! ክረምቱን ሙሉ ባልዲ አቅፌ ነው ያደርኩት።

በሩ አጠገብ ያለውን ራሴ ነኝ የተውኩት። የመብራት ሽቦ ያልፍበታል። ንፋስ ቢጥለው እኔን ይዞኝ ነው የሚሄደው። የቀረው የጎመኑ ጥግ ነበር። መሬት ላይ ሲሆን ግን ከሥሩ እንደ ጃንጥላ ዘንግ በየአቅጣጫው የሚዘረጋ ሽቦ ይፈልጋል። 16 ቆርጫለሁ። አፈሩን ገለጥ አድርጎ መቅበር ነው፣ ጎመኑ እንኳ አያውቀውም።

ይሄን ላስረዳ ነው ትናንት ቡና ላይ የሄድኩት። ሞኝ! ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ገና አቦል ላይ።

«የማን ቲቪ ነው?»
«የቲቪ አይደለም እትዬ፣ የሬዲዮ ነው።»
«ሬዲዮ ስልክህ ላይ የለም እንዴ?»
«በዚህኛው እኔም አወራበታለሁ። ሩቅ አገር ካሉ ሰዎች ጋር።»
«የምታውቃቸው ናቸው?»
«አይ፣ አላውቃቸውም።»

ሲኒው ሁሉ ተቀመጠ።

«ከማታውቀው ሰው ጋር ምንድን ነው የምታወራው?»
«ያው... ድምፄ እንዴት እንደሚሰማ ይነግሩኛል። እኔም የነሱን እነግራቸዋለሁ።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ቻው ነው።»

ያቺ ኤክስቴንሽኔን ወስዳ ያልመለሰችው ጎረቤት «አብሽሩ እትዬ፣ ይሄ ልጅ ወላሂ ሚስት ነው የሚያስፈልገው» አለች። ሳቁን ተዉት። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? እስከ በረካ ድረስ አቀርቅሬ ፈንዲሻ ቆረጠምኩ።

ፈቃድ አለኝ እኮ! በአገራችን መለያ በኢቲ የሚጀምር የራሴ የሬዲዮ መጠሪያ አለኝ። ውጭ ያለው አማተር፣ እንደኔ ለፍቅሩ ብሎ በሬዲዮ የሚያወራው ማለቴ ነው፣ ኢቲ ሲሰማ አንዱ ባንዱ ላይ እየጮኸ ይጋፋል፤ ከእኛ አገር የሚጠራ ብዙ የለማ። እዚህ ግቢ ግን ሚስት ያጣሁ ነኝ።

ፍርዱ ወጣ። «ሽንት ቤት ጀርባ ትከለው፣ እዚያ ማንም አያየው።»

እዚያ ደግሞ የቆርቆሮ አጥር አለ፣ በአንድ ክንድ ርቀት። አንቴና እንዲህ ብረት ሲጠጋው ልኩ ይዛባል፤ የምልከው ኃይል እየተመለሰ ሬዲዮው ላይ ይወድቃል። ደሴ እንደሆነች ራሷ ጉድጓድ ናት። በወዲያ ጦሳ፣ በወዲህ አዝዋ ገደል። የቆመ አንቴና ደግሞ የሚልከው ዝቅ አድርጎ፣ ወደ አድማስ ነው። የኛ አድማስ ተራራ ነው። ተራራውን አላህ ነው ያስቀመጠው፣ አልከራከርም። አጥሩን ግን እትዬ ናቸው!

ኮምቦልቻ ያለኸው ጓደኛዬ ደግሞ «ቦታ ሞልቷል፣ ና» እንዳትለኝ። ሰምቼሃለሁ።

ለማንኛውም ተከልኩት። ማታ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ቻርጀርና አምፖል ሁሉ ሬዲዮ ላይ የሚለቀውን ጩኸት ሲያቆም ሬዲዮዬን በባትሪ ከፈትኩ። ጥርት ያለ ዝምታ። አንድ ሰው ከሩቅ ሲጠራ ሰማሁት። መለስኩለት። አልሰማኝም። ደገምኩለት። አልሰማኝም። ሌላ ሰው አንስቶት ሄደ።

አሁን ጠዋት ስወጣ አንቴናው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮበታል። ገመዱ ላይ የእትዬ ሁለት አንሶላና አንድ ጋቢ ተሰጥቷል። አንቴናው ጎብጧል።

«አየህ፣ ጠቀመ» አሉኝ። «እዚያ ማዶም አንድ ትከልልን።»