«ቀዳ እንጂ አልደረሰም» ለተባለው ሰው

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። የሰማሁት መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። እንግዳው ታሪኩን ከፓሪስ ጀመሩት፤ ከ1948። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) መጨረሻ ላይ አንድ አድማጭ ደውሎ «ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህስ?» ብሎ ጠየቀ። እንግዳው ለአፍታም አላመነቱም። «እሱ የሴቶች የዛር ሥርዓት ቀዳ እንጂ ሙዚቃ አልደረሰም። እኛም አገር ሁለት ዓመት የቆየ እንግዳ ነው» አሉ። አዘጋጁ «ግልጽ ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ገባ።

ምኑም ግልጽ አይደለም። መኪናዬን ዳር አቁሜ ደጋግሜ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ልል የነበረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከፓሪሱ ሰው ልጀምር። ፒየር ሼፈር ይባላል። በ1948 ምን አደረገ? ባቲኞል የሚባል የባቡር ጣቢያ ሄዶ ባቡር ቀዳ። ፉጨቱን፣ እንፋሎቱን፣ የብረት እግሩን ቅጭልጭልታ ቀዳ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ያንን ድምፅ በሸክላ ላይ ከፋፈለው፣ ደጋገመው፣ ቀጣጠለው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በፈረንሳይ ሬዲዮ ተላለፈ። ዓለም «አዲስ ሙዚቃ ተወለደ» አለ። ትክክል ነው፤ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ባቡሩን ሼፈር አልሠራውም። ሐዲዱንም አልዘረጋውም። ታዲያ ባቡር የቀዳ ደራሲ ከተባለ፣ የሰው ድምፅ የቀዳ በምን ሒሳብ ነው ደራሲነቱን የሚነጠቀው? እንግዳው በዚህ መለኪያ ኤል-ዳብህን ከጣሉ ሼፈርንም መጣል አለባቸው። ሼፈርን ካስቀመጡ ደግሞ ከእሱ አራት ዓመት የቀደመውን ሰው የሚያስወጡበት በር የለም።

አራት ዓመት ነው የቀደመው። በ1944፣ ካይሮ ውስጥ።

ኤል-ዳብህ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ትምህርቱ የእርሻ ምህንድስና ነው። ፒያኖ ይጫወታል፣ ከበሮ ይመታል። የካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ አንድ መሣሪያ ነበረው፤ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ። ቴፕ ገና ወደዚያ አገር አልደረሰም። ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት ነው። ሲበጠስ የሚቀጠለው በቋጠሮ ነው፣ ክር እንደሚቋጠር። መሣሪያው ደግሞ ከባድ ነው። ልጁ ይህን ተውሶ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር እንደ ሴት ተከናንቦ፣ ሴቶች ብቻ የሚገቡበት የዛር ሥርዓት ውስጥ ገባ። ቀዳ። እስከዚህ ድረስ እንግዳው ያሉት ልክ ነው።

ያላሉት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ልጁ የቀዳውን ይዞ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ተመለሰ። ስቱዲዮው ግድግዳቸው የሚንቀሳቀስ ክፍሎች ነበሩት፤ ግድግዳውን ስታንቀሳቅሰው የገደል ማሚቶው ይረዝማል፣ ያጥራል። ኤል-ዳብህ የሴቶቹን ድምፅ እዚያ ውስጥ አጫውቶ እንደገና ቀዳው። ዋናውን ድምፅ ቀንሶ ከላዩ የሚንሳፈፈውን ንዝረት ብቻ አስቀረ። ቃሉ ጠፋ። የከበሮው ምት ደበዘዘ። የቀረው ከሥርዓቱ ውስጥ ያለ፣ ግን ሥርዓቱ ላይ የነበረች አንዲት ሴት እንኳ ያልሰማችው ድምፅ ነው። ያንን በዚያው ዓመት ካይሮ ውስጥ በአንድ የሥነ ጥበብ ማሳያ ለሕዝብ አሰማ። ይህ ድርሰት ካልሆነ ድርሰት የሚባል ነገር ምን እንደሆነ ይነገረኝ።

ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው የሥራው ቅንጣቢ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ነው። በ2000 በሲዲ ወጥቷል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ቤት ሄጄ፣ እሷ ወጥ ቤት ምስር እየለቀመች፣ በስልኬ ከፈትኩት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «እነማን ናቸው?» አለችኝ። ሴቶች እንደሆኑ ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠች። «ከገደል ማዶ ነው የሚመስሉት። የሚሉት አይሰማም፣ ግን የሆነ ነገር ይዟቸዋል» አለች። ዛር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር። ሰውየው ቃሉን ሁሉ አጥፍቶ መያዙን ብቻ አስቀርቷል፤ አክስቴም የሰማችው እሱን ነው። ይህንን ማሽን በራሱ አይሠራውም። መቅጃ ቁልፍ የተጫነ ሁሉ አይሠራውም።

ደግሞ ይህ ክርክር ለአማርኛ ሰሚ መነሣት የለበትም ነበር። እኛ ካሴት ገዝተን ያደግን ሰዎች ነን። ሽፋኑ ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ተለይቶ ተጽፎ ያነበብን ነን። የሕዝብ ዜማ ይዞ፣ ማን እንደደረሰው የማይታወቅ ዜማ ይዞ፣ በቅንብር ሌላ ነገር ያደረገውን ሰው በስሙ እናውቀዋለን። ሠርግ ላይ እየተጨፈረ «ይሄን ያቀናበረው ማነው?» ብለን እንጠይቃለን። የትዝታን ቅኝት የፈጠረ ግለሰብ የለም። ግን ትዝታን የራሱ ያደረገ ስንት ሰው አለ! ለነሱ የምንሰጠውን ክብር ኤል-ዳብህን ስንከለክለው ምክንያታችን ምንድነው? እኔ የሚታየኝ አንድ ምክንያት ብቻ ነው። ሥራው የተሠራው ካይሮ ነው እንጂ ፓሪስ አይደለም። ሌላ ምክንያት ያለው ይምጣ።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን ቃሉ ነው። ዛር። ይህ ቃል ከየት ተነሥቶ ካይሮ ደረሰ? ብዙ አጥኚዎች የሥርዓቱን ሥር ወደ ኢትዮጵያ ይወስዱታል፤ በሱዳን በኩል አድርጎ ግብፅ እንደገባ ይጽፋሉ። «ዛሩ ሰፈረበት»፣ «የዛር ፈረስ» እያለ የሚያወራው የእኛ ቋንቋ ነው። ሲሰማ የሚያማትብ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ እምነቱን አከብራለሁ። እኔ የማወራው ስለ ድምፁ ነው። በመቅጃ ሽቦ ላይ ከተሠሩት የዓለም የመጀመሪያ የሙዚቃ ድርሰቶች አንዱ፣ ምናልባትም የሁሉም ቀዳሚ፣ ርዕሱ ላይ የእኛን ቃል ይዟል፤ «የዛር መግለጫ» ነው የሚባለው። ይህን በአማርኛ ሬዲዮ፣ በአማርኛ፣ «ቀዳ እንጂ» ብሎ መዝለል ያሳዝናል።

አንድ ነገር አልክድም። የካይሮው ሥራ በጊዜው አልተሰራጨም። ከሼፈር በኋላ የመጡት ከሼፈር ነው የተማሩት፤ እሱ ትምህርት ቤትም፣ ስያሜም፣ መጽሐፍም ነበረው። ግን «ማን ብዙ ተማሪ አፈራ?» ሌላ ጥያቄ ነው፣ «ማን ቀደመ?» ሌላ። ታሪክ እናወራለን ብሎ ማይክራፎን የያዘ ሰው ሁለቱን ማምታታት የለበትም።

ኤል-ዳብህ አሜሪካ ከገባ በኋላ ስለሠራው ደግሞ በፕሮግራሙ ላይ አንድ ቃል አልተነሣም። በ1949 ካይሮ ላይ ስለ ጦርነት የደረሰው የፒያኖ ሥራ ስም አስገኘለት፤ በ1950 ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ የትምህርት ዕድል ተሻገረ። ታንግልውድ በሚባለው የሙዚቃ ማሠልጠኛ ከአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ከአሮን ኮፕላንድ ተማረ። በ1958 ለማርታ ግራሃም «ክሊተምነስትራ» የተባለውን፣ ምሽቱን ሙሉ የሚወስድ የዳንስ ሥራ ሙዚቃውን ደረሰ። ማርታ ግራሃም ማለት አሜሪካ ውስጥ የዘመናዊ ዳንስ እናት ናት፤ «ቀድቶ» ለመጣ ሰው ትልቁን ሥራዋን አትሰጥም። በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ውስጥ የለይላንና የመጅኑንን የዐረቦች የፍቅር ታሪክ ይዞ «ለይላና ገጣሚው»ን ሠራ። እዚያ የነበሩት ብዙዎቹ ሙዚቃን በቁጥር ቀመር የሚያሰሉ ናቸው። እሱ የሰው ድምፅ፣ ከበሮና ዋሽንት ይዞ ገባ። ማዕከሉ በ1964 ሸክላ ሲያወጣ ይህ ሥራ ከውስጡ አንዱ ነበር። የጊዛ ፒራሚዶች የድምፅና የብርሃን ትርዒት ሙዚቃም የእሱ ነው። የአሜሪካ ዜግነት የያዘው በ1961 ነው።

በ1962 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር። «ሁለት ዓመት የቆየ እንግዳ» የተባለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓመቱ ልክ ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ በ1963።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ክራር የነካ ሰው ያውቀዋል። ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ማሲንቆውም እንደዚያው። ዋሽንቱ ደግሞ አንዴ ከተበሳ ተበሳ፤ ላላ ጠበቅ አታደርገውም። በገና በጾም፣ በጸሎት፣ ለብቻ ሲደረደር የኖረ ነው። እምቢልታ ነፊው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ዜማው የሚሞላው ጓደኞቹ በየተራ ሲገቡ ነው። መለከት ሲነፋ ደግሞ ሁሉንም ይውጣል። እነዚህን ከተለያየ አካባቢ ከመጡ ተጫዋቾች ጋር አንድ መድረክ ላይ ስታስቀምጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «በማን ድምፅ እንቃኝ?» ነው። ሁለተኛው «መለከቱ ሲነሣ በገናው ምን ይሁን?» ነው። ማን መቼ ዝም እንደሚል መወሰን አለበት። ካይሮ ስቱዲዮ ውስጥ የሠራው ያው ጆሮ ነው አዲስ አበባ ላይ የሠራው። ያኔ ምን መቅረት እንዳለበት ወሰነ፤ እዚህም እንደዚያው።

እሱ ከሄደ በኋላ ሥራው አልሞተም። ከአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጣው ጆን ኮ ያዘው፤ ሌላው የሰላም ጓድ አባል ቻርለስ ሳተንም ማሲንቆ ተምሮ አገዘ። ከጆን ኮ በኋላ ተስፋዬ ለማ ዓመታት መራው፤ ከማንም በላይ የለፋበትም እሱ ነው፤ ምስጋናውን ማንም አይወስድበትም። በ1969 ቡድኑ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ተጫወተ። ከአብዮቱ በኋላ ተበተነ። ከኢትዮጲክስ ተከታታይ አልበሞች 23ኛው የእነሱ ነው፤ ገበያ ላይ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ አለ። ዛሬ በየባህል ምግብ ቤቱ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስናይ ከጥንት ጀምሮ እንደዚያ የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። ያንን መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱን ነው «እንግዳ» ብለን በአንድ ቃል የሸኘነው። እንግዳ ቤት ሠርቶ ከሄደ ቢያንስ ስሙን በሩ ላይ እንጽፋለን።

ኤል-ዳብህ ራሱ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር በ1969 ገባ። በዓመቱ፣ ግንቦት 4 ቀን 1970፣ ወታደሮች ግቢው ውስጥ ተኩሰው አራት ተማሪዎች ገደሉ። መምህር ነበር። በ1971 ስለዚያ ቀን ኦፔራ ሠራ። እዚያው ኬንት ከተማ እያለ በ2017፣ በ96 ዓመቱ አረፈ። ድርሰት ያልደረሰ ሰው ነው የተባለው ይኼው ነው።

ፕሮግራሙ የሚቀጥለው ሳምንትም አለ። አዘጋጁ ክፉ ሰው እንዳልሆነ ድምፁ ያስታውቃል። ይቅርታ ይጠይቅ አልልም፤ እንግዳውንም ይከራከር አልልም። ማስታወቂያው ከመግባቱ በፊት፣ ምንም ሳይል፣ ያቺን የካይሮ ቅንጣቢ ይክፈታት። ሁለት ደቂቃ ናት። ምስር እየለቀመ የሚሰማ ሰው አይጠፋም።