ኑግ ያጋለጠው ፈንገስ

መርካቶ እህል በረንዳ በጆንያ የሚሸጠው ኑግ ከዘይትና ከፋጉሎ ያለፈ አገልግሎት እንዳለው የሚያውቁት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። ሽታይብ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳሳየው፣ ከኑግ በተዘጋጀ ማብቀያ ላይ ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ የተባለው ፈንገስ ሲዘራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቡናማ ይሆናል። እዚያው ሳህን ላይ፣ ከጎኑ የተዘራው ካንዲዳ የተባለ ሌላ ፈንገስ ግን ነጣ እንዳለ ይቀራል። ባለሙያው ሁለቱን በዓይኑ ይለያቸዋል።

ቡናማው ቀለም ሜላኒን ነው፤ የእኛም ፀጉርና ቆዳ የሚጠቁረው በዚሁ ዓይነት ቀለም ነው። ፈንገሱ ላኬዝ በተባለ ኢንዛይም ኑጉ ውስጥ ያለውን ካፌይክ አሲድ ወደ ሜላኒን ይለውጥና የሕዋሱን ግድግዳ እንደ ጥሩር ያለብሰዋል። የሰው አንጎል ውስጥ ሲደርስ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ዶፓሚን ያገኛል። ነጭ የደም ሕዋሳት ወራሪን ውጠው ከሚገድሉባቸው መንገዶች አንዱ ከኦክስጅን የሚሠሩት መርዝ ነው፤ ሜላኒኑ ይህን መርዝ ያመክነዋል። ሜላኒን መሥራት የማይችሉ የፈንገሱ ዝርያዎች በአይጦች ላይ ሲሞከሩ የማሳመም አቅማቸው ተዳክሞ ተገኝቷል። ይባስ ብሎ፣ አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው ዋነኛ መድኃኒት ከሜላኒኑ ጋር ስለሚጣበቅ ኃይሉ ይቀንሳል።

ሳንባን የሚያጠቃው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስም የራሱ ሜላኒን አለው። የዋጠው ሕዋስ ሊፈጨው ሲሞክር፣ ሜላኒኑ የመፍጫ ከረጢቱ አሲዳማ እንዳይሆን ያግዳል። ሰውነትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት ይህንኑ ሜላኒን ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ ፕሮቲን በሰው ሕዋሳት ላይ መኖሩን አሳይቷል።

ክሪፕቶኮከስ በእርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ ከኩሱ የሚነሳውን አቧራ ብንተነፍሰውም አብዛኛው ጤነኛ ሰው አይታመምም። ስለዚህ እርግቦቹ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ይባረሩ አልልም። የሚያሳስበኝ በኤችአይቪ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የወደቀ ሰው ነው። ራስ ምታቱ ሳምንታት ሲያስቆጥር ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛ ይቆያል፤ ክሪፕቶኮከስ ያመጣበት ማጅራት ገትር ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መሽቷል። ስለ ቲቢና ስለ ወባ ሁላችንም እናወራለን፤ የፈንገስ ነገር ሲነሳ ግን ሐሳባችን ከእግር ጣት ማሳከክ አያልፍም። ይህ መለወጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የፈንገሶች ዝርዝር ክሪፕቶኮከስንና አስፐርጊለስን እጅግ አሳሳቢ ከሆኑት አራት ፈንገሶች ውስጥ መድቧቸዋል።

ጥሩር የለበሰ ጠላት አንጎል እስኪገባ የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም። የክሪፕቶኮከስን ቅሪት በደም ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ አለ፤ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ድርጅቱ ሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሕዋሳት) ቁጥራቸው ከ100 በታች ለሆኑ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ አዋቂዎች ይመክረዋል፣ ከ200 በታች ለሆኑትም እንዲታሰብበት ይላል። እኔ ከ200 በታች የሆነ ሁሉ ራስ ምታት ሳይጀምረው ይመርመር ባይ ነኝ። ማጅራት ገትር ለያዘው ደግሞ ድርጅቱ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን (በስብ ቅንጣት የተሸፈነ አምፎቴሪሲን ቢ)፣ ከእሱም ጋር ለ14 ቀናት ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል እንዲሰጥ ይመክራል። አምፎቴሪሲኑ ተገኝቶ ፍሉሳይቶሲኑ ከጠፋ ሕክምናው ጎዶሎ ነው፤ ግዥ የሚያቅዱ ኃላፊዎች ሁለቱን በአንድ መዝገብ ይያዙልን።