አፕግሬድ በድሬዳዋ

በድሬዳዋ የሌላ ሰው ገንዘብ በምን ላይ መዋል እንዳለበት የማያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የራሱን የወር ወጪ ከደመወዙ ጋር ማስታረቅ አቅቶት የሚያድረው ጎረቤት፣ ሌላው ጥቂት ብር መቋጠሩን በሰማ ማግስት የገንዘብ ሚኒስትር ይሆናል። ከተማዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከዚያም ወዲህ ከጅቡቲ በኩል የሚገባውን ሸቀጥ ስትሸጥና ስትለውጥ የኖረች ስለሆነች፣ ነዋሪዋ ስለ ዕቃ ዋጋ «አላውቅም» ብሎ መመለስን ነውር ቢያደርገው አይፈረድበትም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ የጌም ኮምፒውተሩን አፕግሬድ ለማድረግ ገንዘብ እያጠራቀመ መሆኑ በሰፈር የታወቀ ዕለት፣ ጉዳዩ ከልጁ እጅ ወጥቶ የሕዝብ ሆነ።

የጌም ኮምፒውተር ሲባል ብርሃን የሚረጭ፣ በመስታወት የተሸፈነ ነገር በአንባቢ ዓይን እንዳይመጣ አስቀድሜ ላሳስብ። የምንናገርለት ዕቃ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። አእምሮው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ሦስተኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር አይ5፣ የሥራ ማስታወሻው፣ ማለትም ራሙ፣ 4 ጊጋ የድሮው ዲዲአር3፣ መብራት የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት፣ ኬዙም ቀጭን ነው። መጀመሪያ ከማናውቀው አገር መሥሪያ ቤት ተሰናብቶ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ደረሰ፤ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ሲያቆም፣ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ወገን ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ካልሆነ አልቀበልም ስለሚል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ ወጣ። ሁለት ጊዜ ጡረታ የወጣው ይህ አዛውንት በእህቴ ቤት ሌሊት ሌሊት ጦር ሜዳ ይዘምታል። ሲገዛ ለእህቴ የተነገራት «ለትምህርት ነው» ተብሎ ነበር፤ ይህም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ልጁ በዚህ ኮምፒውተር ሰበብ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ሰው ጠባይ ያወቀውን ያህል በክፍል ውስጥ ማወቁን እጠራጠራለሁ።

ምክሩ የተጀመረው በበርጫ ላይ ነው። እኔ አልቅምም፤ ነገር ግን ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ በድሬ ፀሐይ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ ሰው የሚገኘው ፍራሽ በተነጠፈበት ክፍል ስለሆነ፣ ሻዬን ይዤ ከዳር መቀመጥ ልማዴ ነው። የአወዳይ ጫት ገብቶ ቅጠሉ ገና እየተመረጠ ሳለ የሚሰጠው ምክር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጨዋ ምክር ነው፤ «ኤስኤስዲ አስገባ፣ ራሙን ጨምር፣ በተረፈው ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ፈልግ» ይባላል፤ ኤስኤስዲ መረጃ የሚቀመጥበት ፈጣን ማኅደር፣ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ የጌሙን ምስል የሚሥለው ክፍል ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ምርቃናው ብቅ ሲል፣ ያገለገለው ካርድ አዲስ ይሆናል። ምርቃናው ጣሪያ ሲነካ ደግሞ፣ በዕድሜው ኮምፒውተር አብርቶ የማያውቅ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ አርቲኤክስ 4090 ካልተገዛ ገንዘቡ ከነአካቴው ባከነ ብሎ ይምላል። ይህ ካርድ ብቻውን እስከ 450 ዋት እንደሚፈልግ፣ ክብደቱም ሁለት ኪሎ እንደሚያልፍ ልጁ በትሕትና ቢያስረዳ፣ «አቦ፣ አንተ ደግሞ ትንሽ ትንሹን አታስብ! ጄኔሬተር እናስገባለን» የሚል መልስ ተሰጠው። ጄኔሬተሩ የሚቆምበት ማዕዘን፣ ጭሱ የሚወጣበት መስኮት፣ ናፍጣው ያለ ሰልፍ የሚገኝበት ማደያ ሳይቀር በዝርዝር ተወሰነ። ለዚህ ሁሉ ዕቅድ የተያዘው በጀት ግን ያው የልጁ ኪስ ነበር፤ አንድ ብር የጨመረ ሰው አልነበረም። ሲመሽ፣ ለጨብሲ ሲወጡ፣ ያው የሲሚንቶ ነጋዴ ልጁን በር ላይ ትከሻውን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ጌም ምን ያደርግልሃል? ዕቁብ ግባበት» ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የእህቴ ልጅ ማንም ስለ ግራፊክስ ካርድ ሲያነሳበት አስቀድሞ ሰዓቱን ያያል።

ገበያው ደግሞ የራሱ ምርቃና አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ የምንከፍለውም እኛው ነን። የማይገባኝ ግን ከዚያ ቀን በፊት አገር ውስጥ ገብቶ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የከረመ ካርድ ከዶላሩ ጋር አብሮ የሚነሳበት ምሥጢር ነው። ልጁ ይህንኑ ቢጠይቅ ሻጩ ሳይቆጣ፣ ሳይፈጥንም፣ «ወንድሜ፣ ዕቃው የድሮ ነው፤ ዶላሩ ግን የዛሬ ነው» አለው። ይህን የመሰለ የጠራ የኢኮኖሚ ማብራሪያ በቴሌቪዥን ሰምቼ አላውቅም።

አሮጌውን ትቶ አዲስ ማዘርቦርድ፣ ማለትም ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ከነአዲሱ ዲዲአር5 ራሙ ስለ መግዛትም ለአንድ ሰሞን ታስቦ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ግን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች የዓለምን የሜሞሪ ምርት ሲሻሙት የአዲስ ራም ዋጋ ወደ ሰማይ ወጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ ሥራችንን ይቀማናል ሲባል ስንሰማ ከርመናል፤ የእህቴ ልጅ ገና ሥራ ስላልያዘ መጀመሪያ የተቀማው ራሙን ነው። በዚህም ምክንያት ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ተፈልጎ ከነባሩ ጎን ተሰካ፤ ሁለት ተመሳሳይ ራም ጎን ለጎን ሲሠራ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር መረጃ ስለሚቀበል፣ ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ማንም ትኩረት ካልሰጠው ከኤስኤስዲው ነው። በነባሩ ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃው የሚነበበው ከሚሽከረከር ሳህን ላይ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ እስኪያበቃ እህቴ ቡናዋን ቆልታ ትወቅጥ ነበር። ኤስኤስዲው የሚሽከረከር ነገር የለውምና በሰኮንዶች ይከፍታል። ይህ ወሬ ግቢያችንን አልፎ ሁለት ሰፈር ለመሻገር ብዙ አልፈጀበትም፤ ውጤቱም ለጌም ተብሎ የተሻሻለው ኮምፒውተር ቀን ቀን የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት መሆኑ ነበር። የሥራ ማመልከቻ፣ የሰርግ ፎቶ፣ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ሳይቀር እዚያ ይዘጋጃል። ዲቪ ሊከፈት ነው በተባለ ጊዜ አንዲት እትዬ ፎቷቸውን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው መጡና፣ «የኔ ልጅ፣ ፈጣኑ ኮምፒውተር አንተ ጋ ነው አሉኝ፤ በዚህ የተሞላ ቶሎ ይደርሳል» አሉት። ዕጣው በዘፈቀደ የሚወጣ መሆኑን፣ የኮምፒውተሩ ፍጥነት ለዕጣው ምንም እንደማይፈይድ ልጁ ደጋግሞ ቢያስረዳም፣ እትዬ ምሥጢሩን ሊደብቃቸው እንደፈለገ ቆጥረው፣ በማግሥቱ ሙሸበክ የተባለውን ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ተመለሱ። ልጁ ሙሸበኩን ተቀበለ፤ ፎቶውንም 600 በ600 ፒክስል አድርጎ ቆረጠላቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ግራፊክስ ካርዱ፣ እንመለስ። 240 ዋት ያለው ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ዛሬም በድሃ ጌመሮች ዘንድ የሚወደደው፣ 75 ዋት ብቻ የሚፈልግና እሱንም ከማዘርቦርዱ ላይ የሚቀበል፣ ተጨማሪ የመብራት ገመድ የማይጠይቅ ስለሆነ ነው። ከእሱ የበረቱና በዋጋም ብዙ የማይርቁ ያገለገሉ ካርዶች በገበያ ላይ ሞልተዋል፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ፣ ማይኒንግ የሚሉት፣ ሲያበቃ፣ ሌት ተቀን ሲነድዱ የኖሩ ካርዶች በዓለም ዙሪያ ለሽያጭ ወጥተዋልና። ሆኖም እንዲህ ያለ ካርድ የሚሸጥ ሰው ካርዱ ማይኒንግ ላይ እንደዋለ ሲናገር አይሰማም። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ደላላ «የሴት መኪና ናት፣ በጥንቃቄ የተያዘች» እንደሚለው፣ ታይዋን ላይ ልጁን ያነጋገረው ሰውም ካርዱን በጨርቅ እየጠረገ፣ «የሴት ካርድ ናት» አለው። ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ዋስትናው እኔ ነኝ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሱቁ የሌላ ሰው ሆኖ ጫማ ይሸጥበት ስለነበር፣ ልጁ ያንን ካርድ አለመግዛቱን እንደ ትልቅ የሕይወት ድል ይቆጥረዋል።

1050 ቲአዩ በመጨረሻ የተገኘው ከአንድ ሙዚቃ ቤት ነው። ካርዱ ጤነኛ ነበር፤ ቁመቱ ግን ሙሉ ነው፤ የእኛ ቀጭን ኬዝ የሚቀበለው ግማሽ ቁመት ያለውን ብቻ ነው። የግማሽ ቁመቱ ዓይነት በገበያው ጨርሶ ስላልተገኘ፣ ጉዳዩ ወደ ብየዳ ቤት ተመራ። ባለሙያው በሕይወቱ የግቢ በር፣ የባጃጅ መከላከያና የአልጋ እግር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ኬዙ ሲከፈት ውስጡን የሞላው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ፤ ፕሮሰሰሩን ከማቀዝቀዣው ጋር የሚያገናኘው ቅባትም ደርቆ ግራጫ ቅርፊት ሆኖ ነበር። ባለሙያው ቅርፊቱን በጥፍሩ ፈግፍጎ አየውና፣ «ይኼ ነገር ግሪስ ካጣ ቆይቷል» ብሎ ፈረደ፤ በመሠረቱም ትክክል ነበር። ማዘርቦርዱን አስወጥቶ፣ ቆርቆሮውን በግራይንደር ቆርጦ፣ ካርዱ ከላይ ብቅ የሚልበትን መስኮት ከፈተለት። ዋጋውን ሲተምንም የበሩን ታሪፍ ነው የጠየቀው፤ በካሬ ሜትር።

አሁን የቀሩት የመብራትና የሙቀት ጉዳዮች ናቸው። የመብራቱ ኃይል ከፍና ዝቅ ማለት ካርዱን እንዳያቃጥለው ስታቢላይዘር ተገዛ፤ እህቴም የቤቱ ትልቁ ሀብት ፍሪጁ ነውና እሱ ሳይጠበቅ ኮምፒውተር አይጠበቅም ብላ ፍሪጁን በዚያው ላይ ሰካችው። የፍሪጁ ሞተር በተነሳ ቁጥር ስታቢላይዘሩ «ጠቅ» ይላል፣ ስክሪኑም አንድ ጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። ልጁ ፍሪጁ ለሌሊት እንዲጠፋ ሐሳብ ቢያቀርብ፣ በድሬ ሰኔ ቀዝቃዛ ውሃ የከለከለ ልጅ ተብሎ ስሙ በዘመድ ሁሉ ዘንድ ተነሳ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ሰኔ ላይ በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ራሱ ከ35 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፣ ፋኑ የሚያደርገው ሙቅ አየርን በሌላ ሙቅ አየር መተካት ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በዚህ ረገድ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ካለ የድሬ ሰው ምንም አይለይም። የእህቴ ልጅ የአጎት ልጅ ግን፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ግንቡ ወፍራም በሆነ የድንጋይ ቤት፣ ይህንኑ ኮምፒውተር የመሰለ ይዞ ያለ ሐሳብ ይጫወታል። ሐረር ከድሬ ከ60 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ላይ ብትገኝም ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከዚህ በመነሣት የእህቴ ልጅ አባት፣ ደህና የሚያስቡ ሰው ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ሰኔንና ሐምሌን ሐረር ቢያሳልፍ ምን ይመስላችኋል ሲሉ ጠየቁ። ነገሩ በቁም ነገር ታየ። በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ በጭን ይያዝ ወይስ ወንበር ይከፈልለት የሚለው ጥያቄ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀ። እህቴ ግን፣ «እኔ ከነሙቀቴ እዚህ ልቅር፣ ቆርቆሮው ደጋ ይውጣ?» ስትል ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ይልቅስ አንድ ቀን ልጁ እናቱን አስቀምጦ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ሊያሳያት ሞከረ። «አየሽ እማ፣ ድሮ ሣሩ አይታይም ነበር፤ አሁን ነፋስ ሲነካው ይወዛወዛል» አላት። እህቴ ለረጅም ጊዜ ሣሩን አየችው። «ሣር ለማየት ከሆነማ ሐረማያ ድረስ የሚኒባስ ሂሳብ እኔ እሰጥህ ነበር» አለችና ወደ ማድቤቷ ሄደች።

በስተመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ሳሎን ያለው ቬንትሌተር ነው። የኬዙ ክዳን ወልቆ ተቀመጠ፤ ቬንትሌተሩም በአባቱ፣ በእህቴና በኮምፒውተሩ መካከል እየዞረ እንዲነፍስ፣ አንዱ ጋ ቆልፎ የተገኘ ግን እንዲቀጣ ተወሰነ። የእህቴ ልጅ እንደሚለው፣ ነፋሱ ወደ ኮምፒውተሩ ሲዞር ጌሙ ይፈጥናል፣ ወደ አባቱ ሲዞር ይንቀራፈፋል። ስለዚህ አብረውት በኢንተርኔት የሚጫወቱት ልጆች «ግባ፣ አሁን ግባ!» እያሉ በማይክሮፎኑ ሲጮኹ፣ እሱ ከግድግዳው ሥር ተሸሽጎ፣ ቬንትሌተሩ አባቱን አዳርሶ፣ እናቱንም አዳርሶ እስኪመለስ ይጠብቃል።