ትራንስፎርመር ሲቀየር ፓናላችሁንም ክፈቱት

ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ሲቃጠል መጀመሪያ የሚባለው «መብራቱ ነው ያቃጠለው» ነው፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ሞተሩ ይጠመጠማል፣ ይመለሳል፣ በዛው ፓናል (የመቆጣጠሪያና የመከላከያ ሳጥን) በዛው ሴቲንግ ይነሳል፣ አለቀ። መብራቱ ምኑ ተቀይሮ ነው ያቃጠለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኃይል አቅራቢው እኮ መስመር ያዛውራል፣ ትራንስፎርመር ይቀይራል፣ ታፕ (የትራንስፎርመሩን ቮልቴጅ ማስተካከያ) ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ እኛ ጋ ያለው መከላከያ ግን ማሽኑ በተተከለበት ቀን የተሞላለትን ቁጥር ይዞ አመታት ይቀመጣል። ይሄን ክፍተት መዝጋት ያለበት ፋብሪካው ራሱ ነው ባይ ነኝ፣ አቅራቢው እናንተ ፓናል ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም።

ብዙ ሞተር ከሚያቃጥለው ልጀምር፣ አንድ ፌዝ መጥፋት፣ ማለትም ከሶስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ መቋረጡ። ስሪ ፌዝ ሞተር እየዞረ እያለ አንዱ ፌዝ ቢሄድበት ብዙ ጊዜ አይቆምም፣ ድምፁ ይቀየራል እንጂ መዞሩን ይቀጥላል፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሰላም ነው፣ በቀሩት ሁለት ፌዞች ላይ ግን ከረንቱ ወደ 1.7 እጥፍ ይወጣል። እዚህ ጋ ሁሌ የሚመጣው መልስ «ኦቨርሎድ አለው እኮ» ነው፣ ከረንት ሲበዛ ሞተሩን የሚያቆመው መከላከያ ማለት ነው። አለው፣ ግን ሞተሩ በግማሽ ጭነት እየሰራ ከነበረ ያ የጨመረው ከረንት ኦቨርሎዱ የተሞላበት ቁጥር ጋ ሲደርስ ገና ድንበሩ ላይ ነው የሚሆነው፣ በዴልታ (በሶስት ማዕዘን) የታሰረ ከሆነ ደግሞ ከሶስቱ ዋይንዲንግ (የሽቦ ጥቅልል) አንዱ ብቻውን ከድርሻው በላይ እየተሸከመ ይጋያል። የፌዝ መጥፋትን ለይተው የሚያወጡ ኦቨርሎዶች አሉ፣ እናንተ ጋ ያለው የቱ አይነት እንደሆነ ዛሬ ሄዳችሁ እዩ።

ፌዙ ጭራሽ ባይጠፋ እንኳ መዛነፉ በቂ ነው። ኤሌክትሪሽያኑ ቴስተሩን ይነካል፣ «ሶስቱም አለ» ይልና ይሄዳል። መለኪያ ቢያስገባ ግን በፌዞቹ መሀል 400፣ 396 እና 374 ቮልት ሊያነብ ይችላል። አማካዩ 390 ነው፣ ከአማካዩ በጣም የራቀው በ16 ቮልት ነው፣ ይሄ ከ4 በመቶ በላይ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? የሞተር ሙቀት ጭማሪ ግን በግምት የመዛነፉ መቶኛ ራሱን በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ2 ሲባዛ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ሙቀቱ ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው፣ ኢንሱሌሽን (የሽቦው መከለያ) ደግሞ ሙቀቱ በጨመረ በየ10 ዲግሪው እድሜው በግማሽ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የአሜሪካኖቹ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማህበር (ኔማ) ስታንዳርድ መዛነፉ ከ5 በመቶ ካለፈ ሞተሩን ማሰራት አይመከርም የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ማንም ወደማያወራው ልምጣ፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አቅራቢው መጥቶ አቅሙ 1000 ኬቪኤ የነበረውን ትራንስፎርመር አንስቶ 2000 ኬቪኤ ይተክላል። ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፣ ቮልቴጅ መውረድ ቀረ፣ ትልቁ ሞተር ሲነሳ መብራት መደብዘዝ ቀረ። ግን 400 ቮልት ላይ ኢምፔዳንሱ (ለከረንት ያለው ውስጣዊ ተቃውሞ) 6 በመቶ የሆነ 1000 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ሾርት ሲፈጠር ሊሰጥ የሚችለው ወደ 24 ኪሎ አምፔር ነው፣ በዛው ኢምፔዳንስ 2000ው ግን 48 ኪሎ አምፔር ይሰጣል። እናንተ ጋ ያለው ዋና ብሬከር የመቁረጥ አቅሙ 36 ኪሎ አምፔር ከሆነ ትላንት ይበቃ ነበር፣ ዛሬ አይበቃም፣ ማንም ምንም ሳይነካ። እንዲህ ያለ ብሬከር ዋናው ባስባር (ከረንቱን የሚያከፋፍለው ማስተላለፊያ) አካባቢ ሾርት ሲፈጠር መቁረጥ አቅቶት ሊፈነዳ ይችላል፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ሰው ሊኖር ይችላል። ሞተር ይጠመጠማል፣ ሰው ግን አይጠመጠምም።

የፌዝ ቅደም ተከተል መገልበጥም አለ። መስመር ተጠግኖ መብራት ሲመጣ ሁለት ፌዝ ቦታ ተለዋውጦ ከታሰረ በቀጥታ ከመስመሩ የሚሰራ ስሪ ፌዝ ሞተር ሁሉ በግልባጭ ይዞራል፣ ፓምፑ በወጉ አይገፋም፣ ስክሪው ኮምፕሬሰር ደግሞ በግልባጭ ለትንሽ ጊዜ ከዞረ ራሱን ይበላል። መፍትሄው ፓናል ውስጥ የሚገባ አንድ ትንሽ የፌዝ ሪሌ ነው፣ መጥፋቱንም መገልበጡንም መዛነፉንም ያያል፣ ኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው) እንዳይገባ ያደርጋል፣ ዋጋው ከሞተር ማስጠምጠሚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስታብላይዘር አለን ለምትሉ፣ ስታብላይዘር የጠፋ ፌዝ አይመልስም።

ድራይቫችሁ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሳሪያ) ጠዋት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት በኦቨርቮልቴጅ ትሪፕ የሚያደርግ፣ ማለትም ራሱን የሚያቆም ከሆነ ድራይቩን ከመፍታታችሁ በፊት አቅራቢው በዛ ሰዓት ካፓሲተር ባንክ (ሲገባ ቮልቴጁን ለቅፅበት የሚያዘልል) ያስገባ እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በድራይቩ መግቢያ ላይ 3 በመቶ ሪአክተር (ዝላዩን የሚያለዝብ የሽቦ ጥቅልል) ማስገባት ይፈታዋል።

የምርት ሰዎች የሚሉት ይገባኛል፣ «ሪሌው በየደቂቃው እያቆመ ምርት አበላሸብን» ነው የሚሉት። ከዛ ጃምፐር ሽቦ ይመጣል፣ ሪሌው ባይፓስ ይደረጋል፣ ፓናሉ ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ ያ ሪሌ ጌጥ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚያቆም ሪሌ ሴቲንጉ ይታይ! ለአፍታ የቮልቴጅ መውረድ ጥቂት ሰከንድ ዲሌይ ስጡት፣ ለፌዝ መጥፋት ግን አጭር አድርጉት። መብራት ሲመለስም ሁሉም ሞተር በአንዴ አይነሳ፣ በቀጥታ የሚነሳ ሞተር ከ6 እስከ 8 እጥፍ ከረንት ነው የሚስበው፣ በታይመር ተራ አስይዟቸው።

አቅራቢዎችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ትራንስፎርመር ወይም መስመር በቀየሩ ቁጥር ለፋብሪካው በፅሁፍ የአዲሱን ኬቪኤ፣ የኢምፔዳንሱን መቶኛ፣ ታፑ ያለበትን ቦታና በመግቢያው ላይ የሚጠበቀውን የሾርት ከረንት መስጠት አለባቸው፣ መብራቱንም ከመልቀቃቸው በፊት የፌዝ ቅደም ተከተሉን ከፋብሪካው ባለሙያ ጋር ቆመው መለካት አለባቸው። ካልሰጡ ደግሞ ፋብሪካው በደብዳቤ ይጠይቅ፣ መልሱ እስኪመጣ የትራንስፎርመሩን ኔምፕሌት (መረጃው የተፃፈበትን ሰሌዳ) ፎቶ አንስቶ ይያዝ፣ ኬቪኤውም ኢምፔዳንሱም እዛው ላይ ተፅፏል።