ጆይስቲክ ላልነካው አሰልጣኝ

ድሬዳዋ ባለውለታ አጥታ አታውቅም። ባቡሩን ያመጡላት አሉ፣ የከዚራ ሰፈርን ዛፎች የተከሉላት አሉ። አንድ ሰው ግን እስከ ዛሬ ምስጋና አልደረሰውም። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ከተጫዋቾቹ ወንበር ጀርባ የሚቆመው ሰውዬ።

ከሰዓት ነው። ውጭው ይፋጃል። ግማሹ ከተማ ጫት በርጫ ላይ ነው፣ ግማሹ ተኝቷል። እሱ ግን ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ፣ ጉንጩን ወጥሮ ሥራ ገብቷል። ያለችው አንድ ቬንትሌተር ናት፤ የምትነፍሰውም ወደ ተጫዋቾቹ ነው። እሱ መሃል ላይ ቆሞ ነፋሱን ይቀበልላቸዋል። ጉንፋን እንዳይዛቸው አስቦ መሆን አለበት።

ሙያው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ቴህካን የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሳንቲም የሚበላ የእግር ኳስ ማሽን አወጣ። ተጫዋቹን ለማስሮጥ ማሽኑ ላይ የተገጠመችውን ድቡልቡል ኳስ በመዳፍ ማሽከርከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ሴጋ የተባለ ኩባንያ ቨርቹዋ ስትራይከር የሚባል የእግር ኳስ ጨዋታ ይዞ ብቅ አለ። ቁልፎቹ ሦስት ናቸው፤ አጭር ቅብብል፣ ረጅም ቅብብል፣ ምት። በቃ። ሳንቲምህን ትከታለህ፣ ትጫወታለህ፣ ከተሸነፍክ ለባለተራ ትለቃለህ። የእነዚህ ጨዋታዎች ጣዕም ይኸው ነው፤ መመሪያ ማንበብ የለ፣ ኮርስ መውሰድ የለ። አያትህም ብትቀመጥ ከሻይ በፊት አንድ ታገባለች። ተጫዋቹ በአምስት ደቂቃ ከለመደው፣ ቆሞ የሚያየው በሁለት ደቂቃ ፕሮፌሰር ቢሆን ምን ይገርማል?

እኛ ዘንድ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ ያወጣው የእግር ኳስ ጌም፣ ዊኒንግ ኢለቨን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ላይ የኢንተር ሚላኑ አጥቂ አድሪያኖ የምት ኃይሉ 99 ነበር። አድሪያኖን ይዘህ ስኴርን፣ የምቷን ቁልፍ፣ መጫን ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። አሰልጣኛችን ግን ሚስጥሩን በህልሙ የተገለጠለት ይመስል ገና ከመሃል ሜዳ ይጀምራል። «ምታው! አቦ ምታው እንጂ!» ከገባ «አላልኩህም?» ይላል። ከወጣ ደግሞ «እንደዚህ ምታ አልኩህ እንዴ?» ሞሪንሆ እንኳን ይሸነፋል። እሱ አይሸነፍም።

እውቀቱም ጥልቅ ነው። ኮናሚ የአንዳንድ ተጫዋቾችንና ክለቦችን እውነተኛ ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ስም እየቀየረ ያስገባ ነበር። ሮቤርቶ ካርሎስን «ሮቤርቶ ላርኮስ»፣ ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ» ብሎት አርፏል። አሰልጣኛችን ጃፓኖቹን ይቅር ብሏቸው እያረመ ያነባል። ሱፐር ኒንቴንዶ በሚባለው የጌም ማጫወቻ ዘመን በኮናሚ የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ለብራዚል 7 ቁጥር ለብሶ የሚያጠቃ አሌጆ የሚባል አጥቂም ነበር። በጨዋታው ውስጥ ካልሆነ በቀር በምድር ላይ ያልተፈጠረ ሰው ነው። አሰልጣኛችን ግን «ወላሂ፣ በ94ቱ የዓለም ዋንጫ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ከሮማሪዮ ይበልጣል» ይላል። ማን ይከራከረዋል? በወላሂ የተዘጋ ፋይል አይከፈትም።

(ይህ ተሰጥኦ በጌም ብቻ አይወሰንም። መጋላ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ ተበላሽታ መካኒኩ ከሥሯ ሲገባ፣ «ፕለጉን እየው!» የሚለውን ድምፅ ልብ ብላችሁ ስሙ። እሱ ነው።)

አንዳንድ ምቀኛ «ችሎታ ካለህ ለምን ተቀምጠህ አትጫወትም?» ይለዋል። ነውር ነው። ባለፈው አንዱ ልጅ ምክሩ ሲበዛበት ጆይስቲኩን ዘረጋለት፤ «ጋሼ፣ እንካ፣ አንተ ጨርሰው።» ቤቱ ጸጥ አለ። አሰልጣኛችን ጆይስቲኩን ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየው። አናሎጓን በአውራ ጣቱ ነቅነቅ አደረጋት። «ይቺማ ላልታለች» አለና መለሰለት። አያችሁ ትህትና? ሌላ ቢሆን ተቀምጦ ልጁን በሰው ፊት ያዋርደው ነበር።

ትልቅነቱ የታየው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ለሁለት እንደሆኑ፣ ሰማንያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ድርግም አለ። አንደኛው «እየመራሁ ነበር» አለ። ሌላኛው በእናቱ ማለ። ባለቤቱ ሒሳቡን ጠየቀ። እንደ ሕጉ የሚከፍለው ተሸናፊ ነው፣ ተሸናፊ ግን አልተገኘም። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። ሁሉም ዞሮ እሱን አየው። ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁለታችሁም የነገርኳችሁን አልሰማችሁም፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል። እኩል ክፈሉ» ብሎ ፈረደ። ባለቤቱ በደስታ አንድ ለስላሳ ጋበዘው።