የማርኮኒ ክለብ ምን ያሳየናል?

የጣሊያን ስደተኞች ክለቦች በራቸውን ለሌላው ማኅበረሰብ ሲከፍቱ ማንነታቸውን ያጣሉ የሚለው፣ አንድ ጸሐፊ በጽሑፋቸው ያነሡት ስጋት፣ በእኔ አስተያየት፣ ተጋንኗል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአውስትራሊያ፣ በምዕራብ ሲድኒ የተመሠረተው የጣሊያናውያኑ ማርኮኒ ክለብ ከጀርመን ስደተኞች የተወለደውን ግብ ጠባቂ ማርክ ሽዋርዘርን ያፈራው ጣሊያናዊነቱን ሳይተው ነው፤ ዛሬም ቬትናማውያን፣ ኢራቃውያንና አሦራውያን በዙሪያው እየኖሩ የቦቼ ጨዋታው አልቀረም። ቦቼ (ላላዩት ልንገራቸው) አዛውንቶች ኳስ እያንከባለሉ፣ ለትንሿ ኳስ ይበልጥ የቀረበው የማን እንደሆነ ጎንበስ ብለው በሜትር እየለኩ የሚከራከሩበት ጨዋታ ስለሆነ፣ ለመጫወት ጣሊያንኛ ማወቅ አያስፈልግም። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሲድኒ በምትገኝበት በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ያሉ ብዙ ክለቦች ገቢያቸውን ከቁማር ማሽን ማግኘታቸው ነው፤ አዲሱን ጎረቤት ወደ ውስጥ የሚስበው የቦቼው ሜዳ ነው ወይስ ማሽኑ የሚለውን ጥያቄ ጸሐፊው ሊያነሡት ይገባ ነበር።